«ይገባል!» ማለት ይገባል?

«ጌታው፣ ምን ፈለግህ?»

«ክሮቼራ።»

«የምን መኪና?»

«የኢሱዙ።»

«አለ! ይገባል!»

የአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ እንዲህ ነው። ኢሱዙው ኤንፒአር ይሁን ኤፍኤስአር አልተጠየቀም፤ አሮጌው ክሮቼራ ከፌስታል አልወጣም፤ «ይገባል» ግን ቀድሞ ተነግሯል። መልሱን ያዙልኝ፦ «ወንድሜ፣ ሱቅህ ውስጥማ ገብቶ አየሁት። እኔ የምጠይቅህ ሹካዬ ውስጥ ነው።»

ነጋዴው ይስቃል፤ ሳቁ ዋጋ አይቀንስም። ከጎኑ የቆመው ደላላ ነገሩን ይቀበላል፦ «አባቴ፣ ክሮቼራ እኮ ክሮቼራ ነው!» በሉት፦ «ልክ ነህ፣ ጫማም ጫማ ነው። በል ያንተን አውልቅና የልጅህን አጥልቅ።»

«እሺ፣ ካልገባ መልሰው» ይላል ነጋዴው ለመታረቅ። ቀና ስትሉ ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «የቱን ልመን? አንተን ነው ግድግዳህን?»

ይህን ዓምድ የሚያነብ ሁሉ እጁ ግሪስ የነካው አይደለምና ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። የጭነት መኪናው ሞተርና ካምቢዮ ከፊት ናቸው፤ የሚገፋው ጎማ ከኋላ ነው። በመካከላቸው ከካምቢዮ እስከ ዲፈረንሻል የተዘረጋ የትራስሚሲዮን ዘንግ አለ። ካምቢዮው ከሻንሲው ጋር ታስሮ ቁጭ ብሏል። ዲፈረንሻሉ ግን ባሌስትራ ላይ ነውና ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ይወጣል፣ ይወርዳል። ዘንጉ ሁለቱን ድርቅ ብሎ ቢያያዛቸው የመጀመሪያው ጉድጓድ ይገላግለው ነበር። ስለዚህ ጫፍና ጫፉ ላይ መስቀል የሚመስል ብረት ተቀመጠ፤ ክሮቼራ የሚባለው እሱ ነው። አራት ክንድ አለው፤ በየክንዱ ላይ አንድ ቆብ፣ በየቆቡ ውስጥ ዙሪያውን የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት መርፌዎች። ሁለቱን ቆቦች የካምቢዮው ሹካ ያቅፋቸዋል፣ ሁለቱን የዘንጉ ሹካ። አንደኛ ማርሽ ላይ የሞተሩ ጉልበት አምስት እጥፍ ገደማ ተባዝቶ መዳፍ በምትሞላ በዚህች ብረት በኩል ያልፋል። አሸዋ የጫነ መኪና ዳገት ላይ ሲነሳ የሚንቋቋው ማን እንደሆነ እንግዲህ ገባችሁ።

«ጣሊያን ነው የፈጠረው» የሚል አንጋፋ መካኒክ አለ፤ «የለም፣ አሜሪካ ነው» የሚል ጎረምሳም አለ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ስሙ እስከ ዛሬ ከዘንጉ ጋር የሚጠራው ጂሮላሞ ካርዳኖ በ1576 እ.ኤ.አ. የሞተ ጣሊያናዊ ሐኪምና የሒሳብ ሰው ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አሠራሩን አጥንቶ ጻፈበት። ለአውቶሞቢል አመቻችቶ በ1903 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣበት ደግሞ አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር ነው። ክርክሩ ሲጦፍ እኔ የምለው አንድ ነው፦ «ማንም ይፍጠረው። ሦስቱም ተያይዘው ሶማሌ ተራ ቢመጡ የሚባሉት ‹ይገባል› ነው።»

ታዲያ ምን ይያዝ? አሮጌው ይያዝ፤ ሚሊ የሚለካው ካሊብሮ ይያዝ። ሜትር ዘርግቶ ክሮቼራ የሚለካ ሰው ካያችሁ ቀስ ብላችሁ ጠጋ በሉና «የኔ ወንድም፣ መጋረጃው ለሳሎን ነው ለመኝታ ቤት?» በሉት።

የሚለካው ነገር ብዙ አይደለም፤ የጠፋው ለኪው ነው። መጀመሪያ የቆቡ የውጭ ስፋት፣ ቀጥሎ ከአንዱ ቆብ ጀርባ እስከ ማዶው ቆብ ጀርባ ያለው ርዝመት። ሰው የመጀመሪያውን ለክቶ ሁለተኛውን በዓይኑ ይገምታል። በከባድ መኪናዎች ዘንድ 57 በ144 የሚባል ክሮቼራ አለ፤ 57 በ152 የሚባልም አለ። ቆባቸው እኩል ነው። መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚለይ ዓይን ጥቂት ነው። አጭሩ በረጅሙ ቦታ ቢገባ ሹካው ውስጥ ሲዋኝ ይውላል። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ቢገባ የቆቡ መያዣ ቀለበት መቀመጫ ያጣል።

«ስምንት ሚሊ እኮ ምንም አይደለችም!»

«ምንም ካልሆነች አንተ ጋ ትቅር፤ ክሮቼራው ያለ እሷ ይምጣልኝ።»

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ከዚህ ተንኮል አልዳኑም። በስፓይሰር ስም ከሚጠሩት የክሮቼራ ቁጥሮች 1310 እና 1330 የተባሉት ቆባቸው አንድ ነው፣ 27 ሚሊ ገደማ። ርዝመታቸው ግን አንዱ 82፣ ሌላው 92 ነው። ከዚያ 1350 መጣና ርዝመቱን ከ1330 ጋር አስተካክሎ ቆቡን ወደ 30 አሳደገው። አንዱን ልክ ብቻ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ግማሽ ትክክል ነው። ግማሽ ትክክል የሆነ ክሮቼራ ደግሞ ሙሉ ብር ያስከፍላል።

ቀለበቱም አለ። ቆቡ ሹካውን ጥሎ እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት በአንዳንዱ ከቆቡ ጀርባ፣ በሹካው ቀዳዳ የውጭ አፍ ላይ ይቀመጣል። በአንዳንዱ ደግሞ ቆቡ ላይ በተቆፈረ መስመር ከሹካው በውስጥ በኩል ይገባል። የፊተኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካል፤ የኋለኛው ከመስመር እስከ መስመር። ከባዶቹ ላይ ጭራሽ ቀለበቱ ቀርቶ በቡሎን የሚታሰር ሰሌዳ ወይም ክንፍ ያለው ቆብ ታገኛላችሁ። ነጋዴው «ቆቡ ያው ነው» ሲላችሁ፦ «ቆብ የጫነ ሁሉ መነኩሴ አይደለም።»

ሁለቱ ክንዶቹ በአንድ ልክ፣ ሁለቱ በሌላ ልክ የተሠሩ ክሮቼራዎችም አሉ። ሁለት የማይዛመዱ ሹካዎችን ለማገናኘት ነው የተፈጠሩት። «አንዱን ለካሁ፣ ሌላው ያው ነው» ያለን ረዳት «የኔ ልጅ፣ ሌላው ክንድ ይኼን ነግሮህ ነው?» ብሎ መመለስ ነው። አሮጌው ቆብ ተፈጭቶ ወይም መንገድ ላይ ቀርቶ ከሆነም አታልቅሱ፤ የሹካውን ቀዳዳ ለኩ። ሹካው ከቆቡ ይልቅ ልኩን ይጠብቃል።

አሁን ደግሞ የሠለጠነው ነጋዴ መጣ። ኮምፒውተር አለው፣ ካታሎግ አለው፣ መነጽር አለው። «ሊብሬውን አሳየኝ፤ በሞዴልና በሻንሲ ቁጥር አውጥቼ እሰጥሃለሁ» ይላል። እውነቴን ነው፣ ጎበዝ ነው። መኪናው ትናንት ከመርከብ የወረደ ቢሆን እጁን እስመው ነበር። የእኛ መኪና ግን ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ሌላ ኑሮ ኖሯል። ዘንጉ አንድ ቀን ጠምሞ ቶርኖ ቤት ከርሟል። ሻንሲው እንዲረዝም ሲደረግ ዘንጉም አብሮ ተቀጥሏል። አንዱ ሹካ ተሰንጥቆ የሌላ መኪና ሹካ ተበይዶለታል። ዲፈረንሻሉ ከተገለበጠ መኪና የተነቀለ ነው። ከዚህ ሁሉ ሊብሬው ላይ የተጻፈ አንድም የለም። ስለዚህ ለጎበዙ ነጋዴ፦ «ጌታው፣ ሊብሬው የሚያውቀው የመኪናውን ባለቤት ነው። ትራስሚሲዮኑ ከተመዘገበ ወዲህ ስንቴ ተፈትቶ ስንቴ አግብቷል፤ አንዱንም ማዘጋጃ ቤት አላስመዘገበም።»

እዚህ አገር ክሮቼራ በመኪናው ስም መግዛት የማያዋጣውም ለዚሁ ነው። ስሙ መነሻ ይሁን፤ ውሉን የሚፈርመው ካሊብሮው ነው። ደግሞ አንዱን ክሮቼራ ለክቶ ወደ ገበያ መሮጥም አይበቃም። ረጅም ሻንሲ ያለው ኢሱዙ ዘንጉ ባለ ሁለት ቁራጭ ሆኖ መሃሉ ላይ በተንጠለጠለ ኩሽኔታ ይደገፋል፤ ክሮቼራውም ሦስት ይሆናል። «ሦስቱም አንድ ልክ ናቸው፣ ልጄን ይንሳኝ!» የሚል መካኒክ ካለ «አለቃ፣ ልጅህን ተወውና ለክተሃቸዋል?» በሉት። መሐላው ወዲያው «ይመስለኛል» ወደሚባለው ሰፈር ይወርዳል። የፊቱ የተበየደ፣ የመሃሉ የፋብሪካ፣ የኋላው የተውሶ ሆኖ ሦስት ልክ በአንድ ዘንግ ላይ ቢገኝ አይድነቃችሁ። እያንዳንዱን ለክቶ «የፊት»፣ «የመሃል»፣ «የኋላ» ብሎ መጻፍ ነው። በካርቶን ቁራጭ ይሁን በሲጋራ ፓኮ ላይ ግድ የለም።

ይህ ከተማ መኪና ላይ ስም ሲያወጣ ርኅራኄ የለውም። ኢሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣው ሰው ከላይ የሹፌሩን አነዳድ አይቶ ነው። ወርዶ ከስር ቢገባና ክሮቼራውን ቢያይ ኖሮ ስሙ ላይ የአባት ስም ይጨምርበት ነበር።

«ለምን ይኼ ሁሉ የመለካት ጣጣ? አሜሪካ ትራክ የሚነዳ ወንድም አለኝ፣ ከዚያ ያመጣልኛል። የዚያ አገር ዕቃ አይበላም!»

ወንድምህን እግዜር ያክብርልህ። ግን ወንድምህ የሚነዳው ምናልባት ፍሬይትላይነር ነው፤ ክሮቼራው ያንተን ኢሱዙ በዝና እንኳ አያውቀውም። ደግሞስ ልኩን በምን ነገርከው? በስልክ «የኢሱዙ» ብለህ? «ወንድምህ ናፍቆት ይላክ፤ ሚሊውን እዚሁ እንለካለን።»

«ኦርጅናል ነው!» ሲሏችሁ «የማን?» ብላችሁ አትጨቃጨቁ። ካርቶኑን አስቀምጡና አንዱን ቆብ ከክንዱ ላይ አውጥታችሁ እዩ። መርፌዎቹ ዙሪያውን ሞልተዋል ወይስ መሃላቸው ክፍት ቦታ አለ? ክንዱ ልስልስ ብሎ ያበራል ወይስ የመቁረጫው ጭረት ይታያል? የላስቲክ መዝጊያው ይለጠጣል ወይስ ደርቆ ይፈረፈራል? ቆቡ ክንዱ ላይ ሲመለስ ወዲያ ወዲህ ይላል?

«ኧረ ሆሎግራም አለው!»

«ቆንጆ። ግሪስ የሚመታው በእሱ በኩል ነው?»

በግሪስ ከመጣን አይቀር፣ ኒፕል የሌለው ክሮቼራ ሲያዩ «ጎዶሎ ነው» ብለው የሚወረውሩ አሉ። ጎዶሎ አይደለም፤ ግሪሱን ይዞ ታሽጎ የመጣ ነው። ክንዱ ለግሪስ መሄጃ ስላልተቦረቦረም ጠንካራ ነው። ኒፕል ያለው ደግሞ በየጊዜው አዲስ ግሪስ ከተመታለት፣ አሮጌው በአራቱም ቆብ ከንፈር እስኪወጣ ድረስ ከተገፋለት ዕድሜው ይረዝማል። ችግሩ ያለው «ከተመታለት» የምትለው ቃል ላይ ነው። መኪናውን ከገዛ ጀምሮ የግሪስ ፓምፕ ያልጨበጠ ሹፌር «ኒፕል ያለውን ስጠኝ!» ሲል ሰማሁ። «ለምን? ለጌጥ?»

ትክክለኛው ክሮቼራ ተገዛ እንበል። ጋራዥ ገባን። አለቃ መዶሻውን አነሳ።

«መታ መታ አድርጌ አስገባዋለሁ።»

«አለቃ፣ መታ መታው ለከበሮ ይሁን።»

ቀልድ አይደለም። በመዶሻ ሲመታ ከቆቡ ውስጥ አንዷ መርፌ ትወድቅና ወለሉ ላይ ትጋደማለች። ቆቡ እስከ መጨረሻው አይወርድም፤ ቀለበቱ መስመሩን አያገኝም። አለቃ «ትንሽ እንቢ አለች» ብሎ ይደግማታል። እንቢ ያለችው መርፌዋ ናት፣ ዱላው የሚያርፈው ቆቡ ላይ ነው። ሞርሳ እያለ፣ ቆቡን በሁለት በኩል ቀስ ብሎ መግፋት እየተቻለ፣ መርፌዎቹን በቦታቸው የሚይዝ ግሪስ እያለ ይኼ ሁሉ ድብደባ ለምን? ሲያልቅ ክንዱ በእጅ ሲገፋ ሳይንቀራፈፍም ሳይጨፍርም መዞር አለበት። አንዳንድ ጃፓን ሠራሽ መኪናዎች ለዚሁ ብለው ቀለበቱን በተለያየ ውፍረት አዘጋጅተዋል። እኛ ጋ የሚመጣው ካርቶን ውስጥ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው፤ ቀሪው የአለቃ ምናብ ነው።

ምናቡም ሩቅ ይሄዳል። ቆቡ ሹካው ውስጥ ሲላላበት «ቆርቆሮ ቆርጬ አስገባለታለሁ፣ ይጠብቃል» ይላል። ቆቡ ሹካው ውስጥ ተጣብቆ መቀመጥ ሲገባው እንዲህ ተደጋግፎ ከተቀመጠ፣ ጭነት ሲበዛ ራሱ መዞር ይጀምርና ሹካውን ያሰፋዋል። ክሮቼራ ሊገዛ የሄደ ሰው ሹካ ይዞ ይመለሳል። ለአለቃ ግን እንዲህ አልኩት፦ «ቆርቆሮው የቢራ ነው የለስላሳ? ሹፌሩ ምን ጠጥቶ እንደሚነዳ ልወቅ።»

ሌላው የአለቃ በደል ሳያመላክት መፍታቱ ነው። አንድ የታጠፈ ክሮቼራ ኃይሉን እኩል አያሻግርም። አንድ ዙር እስኪሞላ ዘንጉ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። ማዶ ያለው ክሮቼራ ነው ይህን የሚያስተካክለው፤ እሱም የሚያስተካክለው የዘንጉ ሁለት ሹካዎች ትይዩ ሲሆኑና የሁለቱ ጫፎች መታጠፍ እኩል ሲሆን ነው። በተንሸራታቹ ጫፍ ላይ አንድ ጥርስ ከተሳተ መኪናው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያኔ ጣት የሚቀሰረው አዲሱ ክሮቼራ ላይ ነው።

«አዲሱ ነው የሚያንቀጠቅጠው፣ ዕቃው ኮፒ ነው!»

«አዲሱ ምን ያድርግ? ሁለቱን ሹካ አኮራርፈህ አስቀመጥካቸው።»

ከመፍታት በፊት በጠመኔ ወይም በቡሊኖ አንድ ምልክት ቢደረግ ይኼ ሁሉ ፀብ አይኖርም ነበር።

ሹፌሩን አልረሳሁትም። ሹፌሩ «ጢቅ ትላለች፣ ግን ለምዳናለች» ይላል። ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ሲቀየር ጢቅ ማለት መላላት ነው። ቀስ ብሎ ሲነዳ ሲር ሲር ማለት ግሪሱ ደርቆ መርፌዎቹ መፋጨታቸው ነው። ቆቡ ሥር ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ ደግሞ ውስጡ መፈጨት ጀምሯል። «ለምዳናለች አልክ? የለመዳችኋትስ እናንተ ናችሁ፤ እሷ የስንብት ደብዳቤዋን እየጻፈች ነው።»

ይኸው ሹፌር ረዳቱን ከስር ሲያስገባ «ግባ፣ የእጅ ፍሬን ይዣለሁ» ይላል። አሁን ተረቡን ትንሽ ላቁም። ኢሱዙ ኤንፒአርና ዘመዶቹ የእጅ ፍሬናቸው ያለው ከካምቢዮው ኋላ፣ ትራስሚሲዮኑ የሚነሳበት ላይ ነው። የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ዘንጉን ነው። ዘንጉ ከተፈታ የእጅ ፍሬኑም አብሮ ተፈታ፤ መኪናው በተዳፋት ላይ ከቆመ ረዳቱን ከስሩ እንዳለ ይሄድበታል። ዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን እየወረደ ሳለ ክሮቼራው የተበጠሰበት ሹፌርም እንዲሁ ነው። ሞተሩ በማርሽ መያዙ ቀረ፣ የእጅ ፍሬኑ ቀረ፤ የቀረው የእግር ፍሬኑ ብቻ ነው። የፊተኛው ክሮቼራ ከሆነ የተበጠሰው ደግሞ የዘንጉ አፍ ወድቆ አስፋልቱን ይወጋል። ስለዚህ ከስር ከመግባት በፊት ጎማው ሥር ታኮ ይግባ። ለሹፌሩም፦ «አንተ የያዝከው ካምቢዮውን ነው፤ መኪናውን የያዘው እግዜር ነው።»

በመጨረሻ ባለንብረቱ ይደውላሉ። ባለንብረት ሁልጊዜ የሚደውሉት ገንዘብ ሊከፈል ሲል ነው።

«ሦስት ክሮቼራ ምን ያደርጋል? የጮኸው አንዱ ነው አላልከኝም?»

«ጋሼ፣ ሁለቱ ወረፋ ይዘው ነው።»

«በል ርካሹን ግዛ።»

«ርካሹማ ይገዛል፤ ደጀን ዳገት ላይ ለሚጎትተው መኪና ኪራዩን ግን እርስዎ ነዎት የሚከፍሉት።»

ስልኩ ዝም አለ።

«ሃሎ? ጋሼ? ይሰማዎታል?»

«የደህናውን ስንት አልክ?»